የሰርጉ ድሮን ፈቃድ ይጠየቃል፤ የጣራችን ድሮንስ?

ረጅም ነው፣ ከወዲሁ ይቅርታ። ዳታ ያጠራችሁ ዋይፋይ ስታገኙ ተመለሱበት።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቤቴ የመጣችሁ ግቢያችንን ታውቁታላችሁ፤ አምስት ተከራይ፣ አንድ ቧንቧ፣ ጣራ የሌለው የቆርቆሮ መታጠቢያ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ያን ማታ ተራው የኛ ሰፈር ነበር። ጀሪካን የሚሞላው ይሞላል፣ ልብስ የሚያጥበው ያጥባል፣ ገላውን የሚታጠበው ይታጠባል። ድንገት ከላይ ልክ እንደ ንብ መንጋ የሆነ ድምፅ መጣ። ቀና ስንል ቀይና አረንጓዴ መብራት። መጥቶ ከግቢያችን በላይ ቆመ። አለፈ አላልኩም፣ ቆመ ነው ያልኩት። ልጆቹ «ድሮን! ድሮን!» እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። መታጠቢያው ውስጥ ያለችው ልጅ «ፎጣ አቀብሉኝ!» እያለች ትጮኻለች። ከወለጋ ተፈናቅላ መጥታ ከጎናችን የተከራየችው ጎረቤቴ ግን ሁለቱን ልጆቿን ጎትታ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ መብራቱን አጠፋች። ድሮኑ ከሄደ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ እንኳ አልወጣችም። ባለቤቴ ሄዳ በሩን ስታንኳኳ ልጆቹን አልጋ ስር አስገብታቸው አገኘቻት።

የማን ድሮን ነበር? የፖሊስ ይሁን፣ የመሬት ልኬት ይሁን፣ የሆነ ሀብታም ልጅ መጫወቻ ይሁን በሰፈሩ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። የሚጠየቅ ቦታም የለም። ዛሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

እሁድ ጠዋት ይህንኑ በሦስት መስመር እዚሁ ለጥፌ ነበር። ኮሜንቱን አይታችኋል። ብዙ ላይክ ያገኘው «ንጹህ ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚለው ነው። ሌላው «ቲቸር፣ ለኛው ጸጥታ ነው፣ ፖለቲካ አታድርገው» ብሎኛል። ኢንቦክስ ደግሞ አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን የፖሊስ አባል የሆነ፣ «ቲቸር እኛን ጠላህ እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። ለሱ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ «ንጹህ ሰው» ወደሚለው ልሂድ። ንጹህ ሰው የሚያስፈራው ነገር ሞልቷል። አንደኛ ራቁቱን መታየት። ያቺ ልጅ ምን ሰርቃ ነው ፎጣ የጠየቀችው? ካሜራው የያዘው ምስል የት ሄደ? ስልክ ላይ ነው? ኮምፒውተር ላይ ነው? ነገ ቴሌግራም ላይ ብናየው ማንን ነው የምንከሰው? ድሮኑን የሚያበረው ሰው መልአክ አይደለም፣ የሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ጓደኛ አለው፣ ስልክ አለው፣ የሚያሳየው ሰው አለው። የምናገረው ስለ ክፉ ሰው አይደለም፣ ቁጥጥር ስለሌለበት ማንኛውም ሰው ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ድሮኖች ልምጣ።

አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ አለ። ብዙዎቻችሁ ሰርጋችሁን ቀርጿል። እህቱ ከዱባይ አንዲት ትንሽ ዲጄአይ ሚኒ ላከችለት፤ 249 ግራም የምትመዝን፣ ከግማሽ ኪሎ ስኳር በታች ማለት ነው። በቆቃ ሐይቅ ዳር ሙሽሮች ሲቀርጽ ሰዎች መጥተው ወሰዱበት። ደረሰኝ የለ፣ ወረቀት የለ። ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። «ፈቃድ አለህ?» ነው ጥያቄው። የለውም፤ ጥፋተኛ ነው፣ እኔም ነግሬዋለሁ። በዚህ አገር ግለሰብ ድሮን ለማስገባት የኢንሳ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አየር ላይ ያለው ነገር ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ጉዳይ ነው። ይህን አልቃወምም። አየር ኃይላችን ያለው ቢሾፍቱ ነው፣ ከኛ አፍንጫ ስር። ማንም እየተነሳ ሰማዩ ላይ ዕቃ ይልቀቅ የሚል ሰው የለም።

ግን ሕጉ እንዴት አንድ ዓይና ይሆናል? ሙሽራና ሚዜ የሚቀርጸው ልጅ ስሙ፣ መታወቂያው፣ የዕቃው መለያ ቁጥር፣ የሚበርበት ቦታ ሁሉ ይጠየቃል። ደመወዙን እኔ በግብር የምከፍለው መሥሪያ ቤትስ? የፌዴራል ፖሊስ በትልልቅ የአደባባይ በዓላት በድሮን የታገዘ ጥበቃ እንደሚያደርግ ራሱ በኩራት ይነግረናል። በ2017 የካቲት ወር ላይ ስካይዊን የሚባለው የድሮን ፋብሪካ ሲመረቅ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል፤ የስለላም የጥቃትም ድሮን እንደሚያመርት ተነግሮናል። አገር ውስጥ መመረቱ መልካም። ግን ፋብሪካው ሲመረቅ ሪባን የቆረጥነውን ያህል ስለ አጠቃቀሙ ሕግ መች ተነጋገርን? ዕቃው እየረከሰና እየበዛ ሲሄድ ነገ የወረዳው ጸጥታ ጽሕፈት ቤትም፣ የገቢዎች ሠራተኛም፣ የደንብ አስከባሪም ይዞት ሊመጣ ነው። ደንብ አስከባሪ ድሮን ሲይዝ ይታያችሁ! የጉልት ሴቶቻችን ከላይም ከታችም ሊሯሯጡ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር አንቀጽ 26ን ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ በር ሳይከፍቱ ከላይ ሆነው ግቢ ውስጥ ካዩ መግባት ነው ወይስ አይደለም?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ መልስም ቶሎ አልመጣልኝም። እስቲ አብረን እንየው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የሰው ግላዊነት ይከበራል ይላል፤ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ በዘፈቀደ አይፈተሽም። መንግሥት ይህን መብት መገደብ ይችላል፣ አዎ፣ ግን አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ሲሆን ብቻ ነው። «ዝርዝር ሕግ» የሚለውን ቃል ከስሩ አስምሩበት። በንጉሡ ዘመን፣ በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት እንኳ ፖሊስ ቤት ለመፈተሽ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዞ ይምጣ ይላል። ፍርድ ቤት ለይቶ ካልፈቀደ በቀር ደግሞ ፍተሻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ለምን ይመስላችኋል? ሰው ማታ ልብሱን ያወልቃል፣ ይተኛል፣ ከሚስቱ ጋር ያወራል። ያን ጊዜ የነበሩ ሕግ አውጪዎች ይህ ገብቷቸው ነበር። ታዲያ በር አንኳኩቶ እንዳይገባ የተከለከለ ፖሊስ በዚያው ሰዓት በካሜራ ከጣራ በላይ ቆሞ እንዲያይ ማን ፈቀደ? የተማሪዬ መልስ ይኸው ነው፦ አዎ፣ መግባት ነው። እንደውም አንኳኩቶ የገባ ፖሊስ ቢያንስ ፊቱ ይታያል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321 በ2016 ወጥቷል፣ ጥሩ እርምጃ ነው። ግን ለጸጥታና ለወንጀል መከላከል የተተወው በር ሰፊ ነው፤ በዚያ በር ድሮን ቀርቶ አይሮፕላን ያልፋል። ኮሜንት ላይ አንድ ወዳጄ «የውስጥ መመሪያ አለ» ብሎኛል። የውስጥ መመሪያ! እኔ የማላነበው፣ ጠበቃ የማይጠቅሰው፣ ዳኛ የማያየው መመሪያ ለኔ ሕግ አይደለም። አዋጅ ካለ በነጋሪት ጋዜጣ ቁጥሩ ይጠቀስልኝ፣ ይህን ጽሑፍ አንስቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ከባዱን ክፍል ልጻፍ። ባለቤቴ «ይቅርብህ» ብላኝ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ገባኝ። ግን ጎረቤቴ አልጋ ስር ያስገባቻቸውን ልጆች ትቼ ስለ ፎጣ ብቻ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ።

ለዲኤስቲቪ ትውልድ ድሮን ማለት የሰርግ ካሜራ ነው። ለሷ ሌላ ነገር ነው። በ2015 መጀመሪያ በወለጋ ከተሞች ላይ የድሮን ጥቃት መድረሱ በሰፊው ተዘግቧል። ከዚያ በፊት፣ በ2014 በገና ዕለት፣ በትግራይ ደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ ተመትቶ ከ50 በላይ ሰው ሞቷል፤ ከጦርነት ሸሽተው የተጠለሉ ሰዎች ነበሩ። በ2016 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ስለ አማራ ክልል ኅዳር ላይ ባወጣው መግለጫ፣ ጥቅምት 26 አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በድሮን ተመትቶ 7 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከነሱም ሦስቱ መምህራን መሆናቸውን ገልጿል። ከሦስት ቀን በኋላ በሌላ ከተማ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ሲጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች። ሦስት መምህራን። ያን ዜና ያነበብኩት በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ሻይ ይዤ ነው። ጠመኔ እጄ ላይ ነበር።

«ያ የመከላከያ ነው፣ ይሄ የፖሊስ ነው፣ አታምታታ» የሚለኝ ይኖራል። እሺ፣ ልዩነቱን አውቃለሁ። ግን ያምታታሁት እኔ ነኝ? በ2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በይፋ የተሰጠው ስም ምን ነበር? «የሕግ ማስከበር ዘመቻ»። ሕግ ማስከበር የፖሊስ ሥራ ነው። ጦርነትን ሕግ ማስከበር ብሎ የጠራ መንግሥት፣ ሕዝቡ የፖሊስን ድሮን ከጦር ድሮን ለይቶ እንዲያይ መጠየቅ አይችልም። ከታች ሆኖ ሲሰማ ደግሞ ድምፁ ማዕረጉን አይናገርም። ተዋጊ ነው ተብሎ የተመታው ማን እንደነበር፣ ማን እንዳዘዘ፣ ስህተት ከሆነ ማን እንደሚክስ የሚጣራበት ገለልተኛ አሠራር እስካልተዘረጋ ድረስ እያንዳንዱ ትንሽ ድሮን የዚያን ጥላ ይዞ ነው የሚመጣው። ኢሰመኮ ሪፖርት ያወጣል፣ መንግሥት ሲቪል አላጠቃንም ይላል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

እኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ሰማይ ላይ የሚዞር ነገር ሕዝብ መሐል ምን እንደሚያደርግ ከሌላው ቀድመን ማወቅ ነበረብን። መስከረም 22 ቀን 2009፣ ቢሾፍቱ፣ ኢሬቻ። ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ወረቀት በተነ፤ በኋላ የበዓል መልካም ምኞት ነው ተባለ። ከታች አስለቃሽ ጭስ፣ ተኩስ፣ ግርግር፣ ገደል። መንግሥት ራሱ ያመነው ሟች 55 ነው፤ ሌሎች ከዚያ እጅግ ይበዛል ይላሉ። ለሞቱ መንስኤ ሄሊኮፕተሩ ብቻ ነው አላልኩም። ግን በተጨነቀ ሕዝብ ላይ ማንነቱና ዓላማው ያልተነገረ ነገር ሲያንዣብብ «መልካም በዓል» ነው ብሎ የሚያነብ ሰው የለም። ዛሬ በሆራ አርሰዲ ላይ በሚበሩ ድሮኖች ያ ትምህርት ገብቷል ወይ ነው ጥያቄዬ።

ድሮን አይኑር እያልኩ አይደለም፤ ይህን ቆርጣችሁ ስክሪንሾት እንዳታደርጉት። በ2016 ሰኔ መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ገርበ ጉራቻ አካባቢ የታገቱትን ተማሪዎች አስታውሱ። እነሱን ፍለጋ ድሮን ቢነሳ ተነስቼ አጨበጭብ ነበር። አዋሽ ሞልቶ የቦሰትንና የፈንታሌን መንደር ሲከብብ ማን የት ጣራ ላይ እንዳለ ለማየት ከድሮን የተሻለ ዓይን የለም። ሩዋንዳ ከ2009 ጀምሮ ደም በድሮን ወደ ገጠር ሆስፒታል ትልካለች፤ እኛ ከመቂ ወደ ባቱ አንድ ከረጢት ደም ለማድረስ አምቡላንስ እንጠብቃለን። ሩዋንዳ ግን ዕቃውን ብቻ አላመጣችም፣ የበረራ ደንቡንም አብራ አወጣች።

ፈረንሳይን ደግሞ እዩ። በኮሮና ጊዜ የፓሪስ ፖሊስ ሰው ቤቱ መቀመጡን በድሮን መቆጣጠር ጀመረ። ለጤና ነው፣ ለጸጥታ ነው፤ ክርክሩ ከኛው ጋር አንድ ነው። ግንቦት 2012 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አስቆመው። ምክንያቱ ድሮን ክፉ ነው የሚል አልነበረም፤ ካሜራው ሰው ለይቶ ማወቅ እየቻለ አጠቃቀሙን የሚገዛ የሕግ ማዕቀፍ የለም የሚል ነው። መንግሥት በሌላ መንገድ ሊመልሰው ሲሞክር የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ የሕጉን ክፍል ጣለው። ከዚያ እንደገና ተረቅቆ፣ ገደብ ተበጅቶለት ጸደቀ። ፖሊሱ ድሮኑን አላጣም፤ ሕግ ይዞ አገኘው። የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ፖሊስ በድሮን ለመሰለል በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያውጣ፣ ከወንጀል ጋር ያልተያያዘ ምስል በ30 ቀን ውስጥ ይጥፋ ትላለች። በ2014 ሰኔ በሃይላንድ ፓርክ የበዓል ሰልፍ ላይ ሰው በጥይት ሲረግፍ ለአደባባይ ዝግጅቶች ሕጉን አላልተውታል፤ ግን በምክር ቤት ተከራክረው፣ ጽፈው ነው። እነሱም ቅዱሳን አይደሉም፣ በሌላ አገር ሰማይ ላይ ድሮናቸው ምን እንደሠራ እናውቃለን። በራሳቸው ሰው ላይ ግን እንዲህ ይጠነቀቃሉ። እኛ በራሳችን ሰው ላይ ነው ያልተጠነቀቅነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፖሊስ የሰው ግቢ ላይ ካሜራ ሲያቆም ዳኛ ይወቅ። አጣዳፊ ከሆነ፣ የታገተ ሰው ካለ፣ ይብረር፤ በማግስቱ ለፍርድ ቤት ያሳውቅ። የፀረ ሽብር አዋጁ 1176 እንኳ ለልዩ የምርመራ ዘዴ ፍርድ ቤት ይጠይቃል፤ ሽብርተኛ የተባለው ያገኘውን ጥበቃ ልብስ የምታጥብ ሴት ልትነፈግ ነው? ድሮኑ ላይ እንደ ባጃጅ ታርጋ የሚታወቅ ቁጥር ይኑር፣ ስንጠይቅ «የኛ ነው» ወይም «የኛ አይደለም» የሚል ስልክ ይኑር። የተቀረጸው ስንት ቀን እንደሚቀመጥ ይጻፍ። የፖሊስ ድሮን ላይ ደግሞ መሣሪያ አይጫን፤ ጋዝም ቢሆን። በዓመት አንዴ ስንት ጊዜ፣ የት፣ ለምን እንደበረረ ለምክር ቤት ይነገር። የጨፌ ኦሮሚያ አዳራሽ እዚሁ አዳማ ነው፣ በታክሲ አንድ ጉዞ። የክልሉ ፖሊስ በጀት የሚጸድቀው እዚያ ነው። አባላቱ ለስብሰባ ሲመጡ ከኛ ጋር ቡና ይጠጣሉ፣ ሶደሬ ይዋኛሉ። ከመካከላቸው አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ድሮኑን የሚገዛው ሕግ የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይቀንስበታል?

አሁን ላንተ፣ የኔ ልጅ፣ ኢንቦክስ ለጻፍክልኝ።

አልጠላሁህም። አንተን ሁለት ዓመት አስተምሬሃለሁ፤ ኳስ ስትጫወት የሰበርከውን መስኮት እኔ ነኝ ከኪሴ ያሠራሁት። የምጠይቀው ሕግ ካንተ በላይ የሚጠብቀው ሰው የለም። ነገ አለቃህ ድሮን ሰጥቶህ «የእከሌን ግቢ ቅረጽ» ቢልህ፣ እከሌ ደግሞ የአለቃህ የመሬት ባለጋራ ቢሆን፣ «ማዘዣው የታለ ጌታዬ?» የምትልበት ወረቀት ሊኖርህ ይገባል። ዛሬ የለህም። እምቢ ብትል ትባረራለህ፣ እሺ ብትል አንድ ቀን ቪዲዮው ሲወጣ ስምህ ነው የሚጠራው፣ የአለቃህ አይደለም። ቅዳሜ ማታ ግቢያችን ላይ የቆመው የናንተ ከሆነ ወይም ካልሆነ ጠይቀህ ንገረኝ። ካልተፈቀደልህም ተወው፣ ላስጨንቅህ አልፈልግም።

ሕግ የተማራችሁ ልጆቼ፣ ከላይ የጠቀስኳቸው አንቀጾች ላይ ያሳሳትኩት ካለ ኮሜንት ላይ አርሙኝ፤ አላኮርፍም። ብሔር የሚሰድብ ኮሜንት ግን አጠፋለሁ። ጎረቤቴ ይህን እንደምጽፍ ታውቃለች፣ ስሟን እንዳልጽፍ ብቻ ነው የለመነችኝ። መታጠቢያው ላይ ሸራ ልንወጥርበት ከተከራዮቹ ጋር ተዋጥተናል፤ የጎደለን መቶ ሃምሳ ብር ነው።